ሱረት ለምን ሥርዓት አላገኘም?
ስለ ትንባሆ፣ ስለ ኮሶና ስለ ቡና ጥቂት የታሪክ ማስታወሻ



ሱረትን የማያውቅ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። የደረቀ የትንባሆ ቅጠል ነው። ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ አንዳንዱም ጥቂት አመድ ይጨምርበታል። ከዚያ በትንሽ ቀንድ ወይም በቆርቆሮ ይያዝና በሁለት ጣት ቆንጠር እየተደረገ በአፍንጫ ይሳባል። ወዲያው ማስነጠስ ነው፤ ዓይን ያለቅሳል፤ «እፎይ፣ ራሴን ከፈተልኝ» ይባላል። የሚስቡት አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን ናቸው። ሲስቡም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በነጠላቸው ጫፍ ተከልለው ነው። ጠጅ የሚጠጣ ሰው ብርሌውን አይደብቅም፤ ሱረት የሚስብ ግን ይደብቃል።

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ሊሻሻል በታሰበ ጊዜ «በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሱረት የሚስብ አባል በገንዘብ ይቀጣ» የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ግማሹ «ነውር ነው፣ የአባቶቻችን ሥርዓት አይፈቅደውም» አለ። ግማሹ «ሽማግሌ ሰው ከገዛ አፍንጫው በቀር የማንን ነካ?» አለ። ከወጣቶቹም አንዳንዶቹ በባሕር ማዶ ሱረት መንፈስን የሚያነጹበትና ልብን የሚያረጋጉበት የተከበረ ሥርዓት መሆኑን ሰምተው «እንዲያውም ቅዱስ ነገር ነው» አሉ። ሁሉም የተከራከረው በታሪክ ነው። እንግዲያው ታሪኩ ራሱ ምን ይላል? ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ቅጠሉ ከወዴት መጣ?

ትንባሆ የእኛም፣ የዐረቡም፣ የአውሮፓውም ተክል አይደለም። አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ዓ.ም. እስኪሻገር ድረስ ከዚያች ክፍለ ዓለም ውጭ ትንባሆ ያየ ሰው አልነበረም። የዚያ አገር ነባር ሕዝቦች ግን ከረጅም ዘመን ጀምሮ ያውቁት ነበር። ያጨሱታል፣ ያኝኩታል፣ አድቅቀውም በአፍንጫ ይስቡታል።

በአማዞን ጫካ የሚኖሩ አንዳንድ ሕዝቦች ዛሬም የትንባሆ ዱቄት ከዛፍ አመድ ጋር ደባልቀው ይጠቀማሉ። ልብ በሉ፤ አመዱ ለከንቱ አይደለም። በትንባሆ ውስጥ ያለውን ኒኮቲን የተባለ ኃይለኛ ነገር ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። በእኛም አገር ሱረት የሚያዘጋጁ ሰዎች አመድ የሚጨምሩበት፣ ይህንኑ በልምድ ስላገኙት ይመስላል።

የአማዞኖቹ ሥርዓት ግን ከእኛ ይለያል። ሰውየው ለብቻው አይስብም። ሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ወይም በዕውቀት የሚበልጠው፣ በቀጭን ቧንቧ ወደ አፍንጫው ይነፋለታል። ይህም የሚደረገው ወደ አደን ከመውጣት በፊት፣ ስንፍናን ለማራቅ፣ የተበተነ ቀልብን ለመሰብሰብ ነው። ተቀባዩ ያስነጥሳል፣ ያስመልሰዋልም፤ ያ ሁሉ የክፉው ነገር መውጫ ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ወጣቶቻችን የሰሙት እውነት ነው። እዚያ ሱረት ሰጪና ተቀባይ ያለው፣ ጊዜና ወግ ያለው የማንጻት ሥርዓት ነው።

ቅጠሉ ባሕር ሲሻገር ግን ወጉን እዚያው ጥሎ ነው የተሻገረው። በፖርቱጋል የፈረንሳይ አምባሳደር የነበረው ዣን ኒኮ እ.ኤ.አ. በ1560 ዓ.ም. አካባቢ ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የራስ ምታት መድኃኒት ብሎ ላከው። ኒኮቲን የሚለው ስም የወጣው ከእርሱ ስም ነው። ከዚያ በኋላ ሱረት የመኳንንት ጌጥ ሆነ፤ በወርቅና በብር ሙዳይ ተያዘ። ቀጥሎ ክልከላው መጣ። የቱርኩ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1633 ዓ.ም. ትንባሆን በሞት ቅጣት ከለከለ። በሩሲያም በዚያው ዘመን የትንባሆ ሰው አፍንጫው እንዲሰነጠቅ ተደነገገ። የሮማው ፓፓ ኡርባኖስ ስምንተኛ እ.ኤ.አ. በ1642 ዓ.ም. በሴቪያ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ሱረት የሚስብን አወገዙ። ታዲያ ከእነዚህ አገሮች ትንባሆን ያጠፋ አንድ እንኳ የለም።

ወደ አገራችን ሲገባ

ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በቀይ ባሕር በኩል ነው። ትንባሆ የሚለው ስማችን ራሱ ዐረቦችና ቱርኮች «ትንባክ» ከሚሉት ጋር አንድ ዘር ነው። ያመጡት ነጋዴዎች ስለ ነበሩ የደረሰን በገበያ በኩል ነው። ከእነርሱ ጋር ስለ አማዞን ሥርዓት የነገረን ሰው አልነበረም።

የደጋው ክርስቲያን ይህን አዲስ ቅጠል ሲያይ ግራ ተጋባ። መጽሐፍ ቅዱስ ስሙን አያነሣውም። ፍትሐ ነገሥትም አያውቀውም፤ ምክንያቱም ኢብን አል አሳል በግብፅ ያጠናቀረው በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ትንባሆ ገና ከአሜሪካ ሳይወጣ ነው። መጽሐፍ ያልፈረደበትን ነገር አፈ ታሪክ ፈረደበት። አንዱ «ጌታ በተሰቀለ ዕለት ዕፀዋት ሁሉ በሐዘን ሲጠወልጉ ትንባሆ ብቻ ለምልሞ ቆመ» ይላል። ሌላው «ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው» ይላል። እነዚህን ከአያቶቻችን ያልሰማ ማን አለ?

ይሁን እንጂ ዘመኑን እንቁጠር። አርዮስ በቁስጥንጥንያ የሞተው እ.ኤ.አ. በ336 ዓ.ም. ነው። ትንባሆ ከአሜሪካ የወጣው ከዚያ ከ1,150 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲህ አፈ ታሪኩ የተፈጠረው ቅጠሉ እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው ማለት ነው። አባቶቻችን ዋሹ ለማለት አይደለም። አንድ ያልታወቀ ነገር በመካከላቸው ሲገኝ ወዴት እንደሚመድቡት ይፈልጉ ነበር፤ ያገኙለትም ቦታ የአርዮስ መቃብር ሆነ።

በዚያን ጊዜ ቡና፣ ጫትና ትንባሆ ሦስቱም የሌላ ሃይማኖት ምልክት ተደርገው ይታዩ ነበር። ሰው ምን እንደሚጠጣና ምን እንደሚያጨስ አይቶ የማን ወገን እንደ ሆነ መለየት የተለመደ ነበር። ነገሩ እጅግ የከረረው ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እንደታየው አገሩን በአንድ ሃይማኖት ለማሰር የቆረጡ ሰው ነበሩ። ትንባሆንም በጥብቅ ከለከሉ። የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው በታሪክ ተጽፏል። የሩሲያው ሕግ በ250 ዓመት ዘግይቶ እኛም ዘንድ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። ዮሐንስ አልፈዋል፤ ሱረት ግን አለ። ያ ቅጣት ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር መደበቅን ነው። ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞር የዚያ ዘመን ቅሪት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለባበጠ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ክልከላው ላላ። ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ነጋዴው ሆነ። እነ ኒያላ የሚባሉት ሲጋራዎች በየሱቁ ተደረደሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ጃፓን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ ከድርጅቱ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በማግሥቱ ዓመት ድርሻውን ከ70 በመቶ በላይ አደረሰ። አፍንጫ ያስቆርጥ የነበረው ቅጠል የመንግሥት ገቢ ሆነ። ደሀዋ እናታችን በነጠላ የምትከልላት ቁንጥር ግን ነውርነቷ አልቀረላትም!

በእኛ በአገው ምድር የሚያነጻው ምን ነበር?

እዚህ ላይ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። «ሱረት ማንጻት ነው» ለሚሉት ልጆቻችን መልሱ ያለው እዚህ ነው። ሰባት ቤት አገው የማንጻት ሥርዓት አጥቶ አያውቅም። የማንጻቱ ሥራ በሙሉ ከትንባሆ በፊት ባለቤት ነበረው።

መጀመሪያ ውኃ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎረቤታችን ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ነበር። በዚያ የሚኖሩት አገዎች ለምንጩ ታላቅ ክብር እንደሚሰጡ፣ በየዓመቱም ተሰብስበው ጊደር እንደሚሠዉ ጽፏል። ዛሬ በዚያው ስፍራ የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጠበል አለ፤ ምእመናን ከሩቅ እየመጡ ይጠመቁበታል። እምነቱ ተለወጠ፤ ለመንጻት ወደ ውኃው መውረድ ግን አልተለወጠም።

ሁለተኛው ኮሶ ነው። እንጅባራ ቀድሞ ኮሶ በር ትባል እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያውቃሉ። የሴቴው ዛፍ አበባ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፤ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚበላው ደገኛ ይህን በየሁለት ወሩ ገደማ ያደርገው ነበር። ብሩስም ዛፉን አጥንቶ ሥዕሉን በመጽሐፉ አትሞታል። የኮሶ ቀን እንዲሁ የመድኃኒት ቀን ብቻ አልነበረም። ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳ አይቀበልም፤ ሥራም አይታዘዝም፤ ጌታውም «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ይተወዋል። ዛሬ ክኒን ተክቶታል፤ የኮሶ መጠኑ ሲበዛ አደገኛ ስለ ሆነም መተካቱ ደግ ነው። ነገር ግን ሥርዓት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ኮሶን ተመልከቱ፤ ጊዜ አለው፣ ወግ አለው፣ ጎረቤትም ያከብረዋል።

ሦስተኛው ጢስ ነው። ዕጣን በቤተ ክርስቲያን፣ ዕጣን በቡና ላይ፣ ወይራ ለወተት ዕቃ ማጠኛ። በዛር ቤትም ቡናና ዕጣን አይታጣም ነበር፤ አንዳንዱ ዛር ትንባሆም ይጠይቃል ይባላል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ዓ.ም. ጎንደር ተቀምጦ የዛሩን ወግ በሰፊው ጽፎታል። ምናልባት በደጋው አገር ትንባሆ ወደ ሥርዓት ጥቂት የተጠጋው በዚህ በኩል ብቻ ይሆናል። ይህም ስሙን አላሳመረለትም፤ አባሰበት እንጂ።

በስተ ምዕራብ ያሉት የመተከል ጉሙዞች ደግሞ ትንባሆን በጋያ ያጨሳሉ። እዚያ ወንዱም ሴቱም በይፋ ነው የሚያጨሰው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር የለም። እንግዲህ ነውርነቱ በቅጠሉ ውስጥ ያለ ነገር አለመሆኑን ከዚሁ እናያለን።

በእኛ ደጋ ትንባሆ በእውነት ያነጻው አንድ ወገን አለ፤ እርሱም ከብት ነው! ረግረግ ውኃ የጠጣች ላም አልቅት በአፍንጫዋ ወይም በጉሮሮዋ ሲጣበቅባት ገበሬው ምን ያደርጋል? የትንባሆ ቅጠል በውኃ አሽቶ በአፍንጫዋ ያንቆረቁርላታል። ኒኮቲኑ አልቅቱን ያደነዝዘዋል፤ ይለቅና ይወድቃል። ይህ ብልሃት በብዙ የአገራችን ክፍል የታወቀ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አልቅትን የሚያደነዝዝ ነገር መርዝ ስለ ሆነ ነው የሚያደነዝዘው። ያንኑ ቅጠል በየቀኑ በራሳችን አፍንጫ ስናስገባ ምን እያደረግን ነው?

ቡና ገባ፣ ሱረት ደጅ ቀረ

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ቡናና ትንባሆ በአንድ ገመድ የታሰሩ ውጉዛን ነበሩ። ክርስቲያን ቡና ከጠጣ ይነወር ነበር። ዐፄ ምኒልክ ቡና ይጠጡ ስለ ነበር በእርሳቸው ዘመን ነገሩ እየላላ መጣ። ዛሬ ቡና የሌለበት ቤት የለም። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። ለቅሶ ቤትም ቢሆን የመጀመሪያው ሥራ ጀበና መጣድ ነው። ሐዘንተኛው የሚረጋጋው፣ የተበተነ ቀልቡ የሚሰበሰበው እዚያ ዙሪያ ነው። አማዞኖቹ በሱረት የሚያደርጉትን እኛ በቡና እናደርገዋለን ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ታዲያ ሁለቱም ከውግዘት ተነሥተው አንዱ እልፍኝ ሲገባ ሌላው ለምን ደጅ ቀረ? እኔ የምለው እንዲህ ነው። ቡና ብቻውን የሚጠጣ ነገር አይደለም። «ኑ ቡና ጠጡ» ይባላል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ሰው ተቀምጦ ይቆያል፤ የተጣላ ይታረቃል፣ የታመመ ይነገራል፣ የተቸገረ ይታወቃል። ሱረት ግን ለአንድ አፍንጫ የምትበቃ ቁንጥር ናት። «ኑ ሱረት እንሳብ» ብሎ ጎረቤት የሚጠራ የለም። በአማዞን ሥርዓት ያደረጋት የሚነፋላት ሌላ ሰው መኖሩ ነበር። እርሱ ከሌለ የቀረው ቅጠሉና ሱሱ ነው። ለካ ሥርዓት የሚሆነው አብሮ መቀመጡ ኖሯል።

ዛሬስ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ደንባችን ልመለስ። መጀመሪያ እውነቱን መነጋገር አለብን። በአፍንጫ የሚሳበውም በአፍ የሚያዘውም ትንባሆ ምንም ባይጨስ ካንሰር አምጪ መሆኑ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። ጢስ በሌለው ትንባሆ ውስጥ ካንሰር የሚያመጡ 28 ያህል ነገሮች ተገኝተዋል። በዓለም ላይ ትንባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ስለዚህ «በባሕር ማዶ ቅዱስ ነው» ብሎ አዲስ መጀመር፣ ልጆቼ፣ አያስኬድም። የአማዞን ሰው ወጉን ከነአባቶቹ ይዞ ነው የሚስበው፤ እኛ የምንገዛው ዱቄቱን ብቻ ነው።

አገራችንም በ2006 ዓ.ም. የዓለም የትንባሆ ቁጥጥር ስምምነትን አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ብዙ ሕዝብ በሚጠቀምባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላም ትንባሆ አይሸጥም። ስለዚህ በድንኳናችን ውስጥ ሲጋራ አይጨስ የሚለውን በደንባችን ብንጽፈው ከሕግም ከጤናም ጋር ይስማማል። ሲጋራ ጢሱ የጎረቤትን ሳንባ ይነካልና።

የሱረት ቅጣት ግን ይቅር እላለሁ። አፍንጫ መቁረጥ ያልቻለውን አሥር ብር አይችለውም። ቅጣቱ የሚያመጣው ነገር ቢኖር ሽማግሌው ከድንኳን ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ለብቻው እንዲቀመጥ ነው። ከዚያም የባሰ አለ። ሱረት መሳብን የሚያፍርበት ሰው ለሐኪምም አይናገርም። አፍንጫው ሲደማ፣ ድዱ ሲቆስል፣ «ጉንፋን ነው» እያለ ይከርማል፤ የሚነግረን ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው። ነውር ሰውን ከሱስ አላዳነም፤ ከሐኪም ግን አርቆታል።

በየቤታችን ሱረት የሚስቡ አባትና እናት ያሉን ሰዎች እንግዲህ ጥቂት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ሳንሰድባቸው ጉዳቱን እንንገራቸው። ሁለተኛ፣ ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው «ሱረት ይስባሉ» ብለን በግልጽ ለባለሙያው እናስረዳ፤ ለመተው ከፈለጉም ምክሩን እንጠይቅላቸው። ሦስተኛ፣ ልጆች ከአያቶቻቸው ቀንድ ቆንጥረው እንዳይሞክሩ እንጠብቅ፤ ትንሽ ልጅ ከዋጠው መርዝ ነው። አራተኛውና ዋናው፣ ቡና ሲፈላ እንጥራቸው። ብቻውን ግድግዳ ዞሮ የሚቀመጥ ሰው ሱረቱን የሚስበው አንዳንዴ ሌላ የሚያነጋግረው ስለሌለ ነው።

እድራችን ሰው ሲሞት ምን ይስብ ነበር ብሎ ጠይቆ አያውቅም። መዝገቡ ላይ ስሙ ካለ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይወጣል፣ ሬሳው በክብር ይሸኛል። ይህን ያህል ለሬሳ ከተቻለ በሕይወት እያሉ አንድ ስኒ ቡና ማቅረብ አያቅተንም።